ሪቻርድ ሃሚንግ፦ ስሕተትን ከማወቅ ስሕተትን እስከ ማረም

ዲጂታል የቴሌኮሙኒኬሽን መስመር አገልግሎቱን ሳያቋርጥ ስለ ጥራቱ መረጃ መስጠት የሚችለው መልእክቱ መፈተሻውን በውስጡ ይዞ ስለሚጓዝ ነው። ይህን ሐሳብ በጽኑ የሒሳብ መሠረት ላይ ካቆሙት ምሁራን አንዱ ሪቻርድ ዌስሊ ሃሚንግ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሚንግ በ1915 በቺካጎ ከተማ ተወለዱ። በ1937 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ፣ በ1939 ከነብራስካ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ፣ በ1942 ደግሞ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን በሒሳብ አገኙ። በ1945 በሎስ አላሞስ በማንሃተን ፕሮጀክት የስሌት ሥራ ተሳተፉ፤ በ1946 ወደ ቤል ላቦራቶሪዎች ተዛወሩ።

በዚያም በሪሌይ በሚሠራ የስሌት ማሽን የሚጠቀሙት በሳምንቱ መጨረሻ፣ ሠራተኛ በሌለበት ጊዜ ነበር። ማሽኑ ስሕተት ሲያጋጥመው መኖሩን ለይቶ ያውቃል፤ ነገር ግን የሚያስተካክለው ሰው ስለሌለ የተጀመረውን ስሌት ትቶ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሃሚንግ በተከታታይ ሁለት ሳምንት ሥራቸው ተቋርጦ ባገኙ ጊዜ አንድ ጥያቄ አነሡ፤ ማሽኑ ስሕተት መኖሩን ካወቀ፣ የስሕተቱን ቦታ ለይቶ ስለምን ራሱ አያርመውም?

በዘመኑ የታወቀው የፓሪቲ ፍተሻ ለቢቶቹ አንድ ተጨማሪ ቢት በማከል የአንዶቹን ብዛት ተጋማሽ ያደርጋል። አንድ ቢት ሲለወጥ ብዛቱ ኢተጋማሽ ስለሚሆን ስሕተት መኖሩ ይታወቃል፤ የትኛው ቢት እንደተለወጠ ግን አይታወቅም። ሃሚንግ እርስ በርሳቸው የሚደራረቡ በርካታ ፍተሻዎችን በማቀናጀት ችግሩን ፈቱ። ሰባት ቢት ባለው ኮዳቸው አራቱ መልእክት፣ በ1ኛ፣ በ2ኛና በ4ኛ ቦታ የሚገኙት ሦስቱ ደግሞ መፈተሻ ናቸው። ለምሳሌ 5ኛው ቢት ቢበላሽ የ1ኛውና የ4ኛው ፍተሻ ይወድቃሉ፤ የ2ኛው ያልፋል። የወደቁት ፍተሻዎች ቁጥር ሲደመር 5 ይሆናል፤ ይህም የስሕተቱ ቦታ ነው።

የፈጠራ መብት ጉዳይ ኅትመቱን ስላዘገየው ሥራቸው በቤል ሲስተም ቴክኒካል ጆርናል የወጣው በ1950 ነው። ክሎድ ሻነን ግን በ1948ቱ ታዋቂ ጽሑፋቸው ኮዱን ከባለቤቱ ስም ጋር ጠቅሰውት ነበር። ሃሚንግ በጽሑፋቸው ሁለት የኮድ ቃላት የሚለያዩባቸውን ቦታዎች ብዛት እንደ ርቀት ወሰዱ። ዝቅተኛው ርቀት 3 ሲሆን አንድ ስሕተት ማረም፣ ወይም እርማቱን ትቶ እስከ ሁለት ስሕተት ለይቶ ማወቅ ይቻላል። ሁለቱን ማጣመር የሚፈልግ ተጨማሪ ቢት መክፈል አለበት፤ ካልከፈለ ሁለት ቢቶች በተበላሹ ጊዜ አራሚው ጤናማውን ቢት ይለውጣል።

ይህ ምርጫ ዛሬም በመስመር ክትትል ውስጥ ይታያል። በሴኮንድ 2048 ኪሎቢት በሚያስተላልፈው መስመር ላይ፣ በኋላ ዘመን ከዳበረው የሳይክሊክ ኮድ ቤተሰብ የተወሰደ አራት ቢት ያለው ፍተሻ ለእያንዳንዱ 2048 ቢት ይሰላል። ተቀባዩ ስሌቱን ደግሞ ይሠራል፤ ውጤቱ ካልተስማማ ብሎኩን እንደ ስሕተት ይቆጥራል፤ ለላኪውም ያሳውቃል። በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የጂ.826 ምክረ ሐሳብ መሠረት፣ ከብሎኮቹ 30 በመቶና ከዚያ በላይ የተበላሹበት ሴኮንድ ከባድ ስሕተት ያለበት ይባላል፤ እንዲህ ያሉ አሥር ሴኮንዶች ሲከታተሉ መስመሩ ከአገልግሎት ውጭ እንደሆነ ይቆጠራል። ፍተሻው ስሕተቱን አያርምም፤ ብልሽቱን ቆጥሮ ለጥገና ባለሙያው ያቀርባል። በማረምና በማወቅ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በርቀት አማካይነት ግልጽ የሆነው በሃሚንግ ሥራ ነው።

ሃሚንግ በ1968 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀበሉ። በ1976 ቤል ላቦራቶሪዎችን ለቀው በካሊፎርኒያ ሞንተሬይ በሚገኘው የባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እስከ 1997 አስተማሩ፤ በጃንዋሪ 1998ም በዚያው ከተማ አረፉ። መነሻቸው በሰው አልባ ክፍል የተቋረጠ ስሌት ነበር፤ ዛሬ ጠባቂ በሌለባቸው ጣቢያዎች መካከል የተዘረጉ መስመሮች የሚመረመሩትም በዚያው መርሕ ነው።