የሲልቪያ ፓንክረስት ታሪክ ሲታረም

አራት ኪሎ ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ግቢ የገባ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት የአርበኞችን መቃብር ያገኛል። ከፋሺስት ኢጣልያ ጋር በተደረገው ተጋድሎ ስማቸው ከሚነሳ ኢትዮጵያውያን ጋር አንዲት እንግሊዛዊት እዚያ አርፈዋል፤ ሲልቪያ ፓንክረስት ይባላሉ። የእኛ ትውልድ ስሙን የሚያውቀው ይበልጡን በልጃቸው፣ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር በነበሩት በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በኩል ነው። እሳቸውም በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ የተቀበሩት እዚያው ሥላሴ ነው።

በዚህ ሴሚስተር አንድ የክፍል ጓደኛዬ በጎ ፈቃደኞች ለሚጽፉት መዝገበ ዕውቀት፣ ማለትም ለአማርኛው ውክፔዲያ፣ የሲልቪያን የሕይወት ታሪክ አዘጋጅቶ ነበር። ከመለጠፉ በፊት እንደ ጠላት ሆኜ እንዳነብለት ሰጠኝ። ጽሑፉ ሁለት ገጽ ነው። ልፋት አለበት፣ አማርኛውም ያምራል። ግን ታሪኩ የሚጀምረው ከ1928 ዓ.ም. ነው። ሲልቪያ የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1882 ማንቸስተር ውስጥ ስለሆነ በዚያን ጊዜ 54 ዓመታቸው ነበር። ታዲያ 54ቱ ዓመት የት ገባ? የጓደኛዬ መልስ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የሚጠቅመው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው የሚል ነበር። እኔ ደግሞ የቀረው ካልተነገረ የተጻፈውም አይገባም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሲልቪያ ሥዕል ተምረዋል። እናታቸው ኤመሊንና እህታቸው ክሪስታቤል እ.ኤ.አ. በ1903 የተመሠረተውን የሴቶች የምርጫ መብት ማኅበር ይመሩ ነበር። ሲልቪያም በዚያው ትግል ገብተው ደጋግመው ታሰሩ። እስር ቤት ውስጥ ምግብ አንበላም ሲሉ በጉሮሯቸው ቱቦ እየተከተተ በግድ ይመገቡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1913 መንግሥት አዲስ ሕግ አወጣ። በረሃብ አድማ የደከመችው እስረኛ ትለቀቃለች፣ ስታገግም ተመልሳ ትታሰራለች። ሕዝቡ የድመትና የአይጥ ሕግ አለው። ሲልቪያ በዚህ ሕግ እየተፈቱና እየታሰሩ ከረሙ።

እ.ኤ.አ. በ1914 ከእናታቸውና ከእህታቸው ማኅበር ተለዩ። እሳቸው ከምሥራቅ ለንደን ድሆች ጋር መሥራት ፈለጉ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ እናትና እህት ጦርነቱን ደገፉ፣ ሲልቪያ ተቃወሙ። በዚያው ዓመት የጀመሩት ጋዜጣ በኋላ «ወርከርስ ድሬድኖት» ተባለ። ጃማይካዊው ገጣሚ ክሎድ ማኬይ ይጽፍበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 ሞስኮ ሄደው ከሌኒን ጋር ተከራከሩ። በዚያው ዓመት በጋዜጣቸው የወጡ ጽሑፎች የባሕር ኃይሉን ለአመፅ ያነሳሳሉ ተብሎ የስድስት ወር እስራት ተፈረደባቸው። እንግዲህ ይህች ሴት ናቸው በኋላ ለእኛ የቆሙት። ከእናታቸው፣ ከመንግሥታቸውና ከፓርቲያቸው ጋር መጣላትን የለመዱ ሰው ስለነበሩ ኢትዮጵያ ብቻዋን ስትቀር ከእሷ ጋር ብቻቸውን መቆም አልከበዳቸውም።

ሁለተኛው የጎደለ ነገር ሲልቪዮ ኮሪዮ ነው። ኮሪዮ ኢጣልያዊ ስደተኛ፣ ጋዜጠኛና የማተሚያ ቤት ሙያተኛ ነበር። ሲልቪያ ሳይጋቡ አብረውት ኖሩ፤ ሪቻርድም እ.ኤ.አ. በ1927 ተወለዱ። ጓደኛዬ ይህን የዘለለው አንድም ጋብቻ ስላልነበረ፣ አንድም ሰውየው ጣልያን ስለሆነ ነው። ለእኔ ግን ከጽሑፉ ሁሉ መቅረት የሌለበት ይኼ ነው። ሲልቪያ ስለ ፋሺዝም ያወቁት ከኮሪዮና ከመሰል ስደተኞች ነበር። ፋሺስቶች የገደሉትን የምክር ቤት አባል የማቴዮቲን ስም የያዘ ዓለም አቀፍ የሴቶች ኮሚቴ ያቋቋሙትም እ.ኤ.አ. በ1932፣ ኢትዮጵያ ከመወረሯ ሦስት ዓመት በፊት ነው። በኋላም ለኢትዮጵያ የቆመውን ጋዜጣ ኮሪዮ አብሯቸው ሠራ። ጠባቸው ከፋሺዝም እንጂ ከጣልያን ሕዝብ ጋር እንዳልነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ሦስተኛው ነገር ቅጽል ነው። ታላቅ የኢትዮጵያ ወዳጅ የሚለው ሐረግ አምስት ቦታ ገብቷል። አንባቢ ወዳጅነቱን ከሥራው ቢያየው ይሻላል። ፋሺስቶች አዲስ አበባ የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የ«ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የመጀመሪያ እትም ግንቦት 1 ቀን፣ ልክ በአራተኛው ቀን ይላል። ጋዜጣው በየሳምንቱ 20 ዓመት ወጣ። ስለ መርዝ ጋዙና ስለ የካቲት 12 ጭፍጨፋ ሌላው ዝም ባለበት ጊዜ ጻፈ። ከነጻነት በኋላ ደግሞ የእንግሊዝ መንግሥት በኢትዮጵያ ላይ የያዘውን ሥልጣን እንዲለቅ ተሟገተ፤ ሹማምንቱም በሲልቪያ ተማረሩ። ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ገንዘብ ያሰባሰቡም እሳቸው ናቸው። ይህ ከተጻፈ ቅጽሉ ለምን ያስፈልጋል?

አራተኛው የቀን ጉዳይ ነው፤ እዚህ ላይ ሁላችንም እንጠንቀቅ። ጽሑፉ ሲልቪያ ያረፉት መስከረም 27 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው ይላል። ትክክለኛው ቀን በፈረንጆቹ መስከረም 27፣ በእኛ ግን መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት ነው። የልደታቸው ቀን ደግሞ የባሰ ወጥመድ አለው። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 በዘመናችን ሚያዝያ 27 ስለሚውል ጓደኛዬ በሚያዝያ 27 ተወለዱ ብሎ ከድል በዓል ጋር አገናኝቶታል። ነገር ግን የአውሮፓ አቆጣጠር በ1900 አንድ ቀን ስለዘለለ ከዚያ በፊት ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ያንሳል። እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 1882 በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1874 ዓ.ም. ነው።

አምስተኛው ከሁሉም ያከራከረን ነው። ንጉሥን ይቃወሙ የነበሩት ሶሻሊስት ለንጉሠ ነገሥቱ ታማኝ ደጋፊ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1956 አዲስ አበባ መጥተው ሲኖሩ የጀመሩት «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» መጽሔትም መንግሥትን እምብዛም አይወቅስም ነበር። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትዋሐድ ያደረጉት ቅስቀሳም እስከ ዛሬ በሁሉም ዘንድ በአንድ ዓይን አይታይም። ጓደኛዬ ይህን መጻፍ ውለታ ቢስነት ይመስላል አለ። እኔ የተከራከርኩት መዝገበ ዕውቀት የሐዘን ቤት ንግግር አይደለም ብዬ ነው። ሲልቪያ ካረፉ ሦስት ወር ሳይሞላ የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። በመጽሔቱ ያልተነገረ ቅሬታ በአገሩ እንደነበረ አንባቢ ከዚህ ይረዳዋል። ለተጨቆነ ሕዝብ የቆመ ጋዜጠኛ ድል ሲመጣ ከባለሥልጣን ምን ያህል መራቅ አለበት የሚለው ደግሞ የእኛም የትምህርት ጥያቄ ነው።

የመጨረሻው አጭር ነው። ሲልቪያ በሥላሴ በክብር ሲቀበሩ ወለተ ክርስቶስ የሚል ስም ተሰጣቸው። ጽሑፉ ከዚህ ተነስቶ ተጠምቀው ኦርቶዶክስ ሆነው ነበር ይላል። ስም መሰጠቱ አንድ ነገር ነው፣ የሰውዬዋ እምነት ሌላ። ጥምቀቱን የሚያሳይ ማስረጃ ስላላቀረበ ዐረፍተ ነገሩ እንዲወጣ ጠየቅኩት።

ጓደኛዬ ቀኖቹን ወዲያው አረመ፣ ጥምቀቱን አወጣ፣ ኮሪዮንም መለሰው። 54ቱ ዓመታት ሲገቡ ጽሑፉ አራት ገጽ ሆነ። ታላቅ የሚለው ቅጽል ግን አንድ ቦታ ይቅርልኝ ብሎ ለምኖኛል፤ እስካሁን አልተስማማንም። መዝገበ ዕውቀቱ ለማንም ክፍት ነውና ከእናንተ መካከል ጊዜ ያለው ሰው ቢያነብለት ጥሩ ነው፤ እኔን አይቶ የሚራራለት አንባቢ ግን አይፈለግም።