የሲልቪያ ፓንክረስት ታሪክ

ሲልቪያ ፓንክረስት በ1874 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በማንችስተር ከተማ ተወለዱ። እናታቸው ኤምሊን ፓንክረስት ሴቶች እንደ ወንዶች የምክር ቤት እንደራሴ እንዲመርጡ የታገሉ ብርቱ ሴት ነበሩ። ሲልቪያ ሥዕል ተምረው ነበር፤ ዳሩ ግን ሥዕሉን ትተው ከእናታቸው ጋር ለሴቶች መብት ተነሡ። ስለዚህም ብዙ ጊዜ ታሰሩ፤ በወህኒ ቤትም ምግብ አንቀበልም ብለው ተራቡ።

በ1906 ዓ. ም. ታላቁ ጦርነት በተነሣ ጊዜ በምሥራቅ ለንደን ከድኾች ጋር ይኖሩ ነበር። በዚያም ለተራበ ሰው በጥቂት ዋጋ ምግብ የሚገኝበትን ቤት፣ ለእናቶችና ለሕፃናትም የሕክምና ቤት አቋቋሙ። ጦርነትንም ይቃወሙ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ከአይሮፕላን የሚጣለውን ቦምብ አጥብቀው ይጠሉ ነበር። በጦር የሚዋጋ ሰው ጠላቱን ፊት ለፊት ያያል፤ ቦምብ የሚጥል ግን የሚገድለውን ሕፃን አያይም። በ1924 ዓ. ም. መንግሥታት በጄኔቭ ተሰብስበው የጦር መሣሪያ ስለ መቀነስ ሲመክሩ፣ የእንግሊዝ መንግሥት በሩቅ ግዛቶቹ ያለውን ሕዝብ ጸጥ ለማሰኘት ስለ ፈለገ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን ፈጽሞ እንዲከለከል አልፈቀደም። ሲልቪያ ይህን የገዛ አገራቸውን ሥራ በዝምታ አላለፉትም። በ1928 ዓ. ም. በሚኖሩበት በውድፎርድ በመንገድ ዳር ከድንጋይ የተጠረበ ቦምብ አቆሙ። መታሰቢያነቱንም ቦምብ አይከልከል ላሉት ሰዎች አደረጉት፤ ይህም እነርሱን ለማሳፈር እንጂ ለማመስገን አይደለም። ክፉ ሰዎች ቢያበላሹትም በዚያው ዓመት እንደ ገና ተመረቀ፤ ዛሬም ቆሞ ይታያል። ከ9 ዓመት በኋላ በጃፓን አገር በሂሮሺማ ከተማ ላይ አንድ የአቶም ቦምብ በወደቀ ጊዜ፣ የፈሩት ነገር ከፈሩት ይልቅ ከፍቶ ታየ።

ድንጋዩ በቆመበት በ1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን ወረረ፤ አይሮፕላኖቹም በሰውና በከብት፣ በወንዝና በመስክ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። ብዙ መንግሥታት ዝም አሉ። ሲልቪያ ግን የኢትዮጵያን በደል ለዓለም የሚናገር ጋዜጣ አቋቋሙ፤ ስሙም ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ ይባል ነበር። የመጀመሪያው ቁጥር የወጣው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ. ም.፣ ጠላት አዲስ አበባ በገባበት ዕለት ነው። ሰው ሁሉ ነገሩ አለቀ ባለበት ቀን እርሳቸው ሥራ ጀመሩ። ከ5 ዓመት በኋላም በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በድል ወደ ከተማቸው ተመለሱ። ጋዜጣው 20 ዓመት ያህል ታተመ።

ልዕልት ፀሐይ በ1934 ዓ. ም. ባረፉ ጊዜ፣ ሲልቪያ በስማቸው ለሚሠራው ሆስፒታል በእንግሊዝ አገር ገንዘብ ሰበሰቡ። በ1948 ዓ. ም. በ74 ዓመታቸው ከልጃቸው ከሪቻርድ ጋር መጥተው በአዲስ አበባ ተቀመጡ፤ በዚህም ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር የሚባል መጽሔት አዘጋጁ። መስከረም 17 ቀን 1953 ዓ. ም. በመስቀል በዓል ዐረፉ። ወለተ ክርስቶስ በሚል ስም በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደጅ፣ አርበኞች በተቀበሩበት ስፍራ ተቀበሩ።

ልጆች ሆይ፣ ከለቡ ወደ አራት ኪሎ በወጣችሁ ጊዜ መቃብራቸውን እዩ። እኒህ ሴት ጠመንጃ አልያዙም፤ በብዕርና በድንጋይ መሰከሩ። የራሱ ወገን ሲበደል መጮኽ ለሁሉም ቀላል ነው፤ የራሱ ወገን ሲበድል እውነትን መናገር ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ባልንጀራችሁ ደካማውን ሲገፋ ብታዩ፣ ባልንጀራዬ ነው ብላችሁ ዝም አትበሉ።