እውነት ፈላጊውን የፈጠረ ብዕር

በቅኝ ተገዢ አገር የወንጀል ምርመራ ልብወለድ መጻፍ ቀላል አይመስለኝም፤ የሕጉ ባለቤት ባዕድ ነዋ! ቤንጋላዊውን ደራሲ ሻራዲንዱ ባንድዮፓድያይን የማደንቀው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1899 በሰሜን ህንድ፣ ጆንፑር ተወለደ። ሕግ ቢማርም ልቡ ያደላው ለብዕር ነበር። በ1932 የፈጠረው ብዮምኬሽ ባክሺ የእንግሊዝ ባርኔጣ የደፋ ሳይሆን ዶቲ ያገለደመ የካልካታ ሰው ነው። መርማሪ መባልን አይወድም፤ እውነት ፈላጊ ነኝ ባይ ነው። ገዢው ባለበት ዘመን የራሱን ወገን እንዲህ አዋቂ አድርጎ መሳል፣ ለእኔ፣ ትልቅ ድፍረት ነው።

ደራሲው ከ1938 ጀምሮ ቦምቤይ ለፊልም ሲጽፍ ባክሺን ዘነጋው። አንባቢዎች ግን ጎትጉተው፣ ከ15 ዓመታት ያህል ዝምታ በኋላ አስመለሱት። በ1970 ሲያርፍ 32 ታሪኮች ጨርሶ፣ 33ኛውን በእንጥልጥል ትቶልናል።