የመረሬ ወላጅ ድንጋይና ዊልያም ብላንፎርድ

በክረምት ከጌጃ ሰፈር ተነሥቶ ወደ አቃቂ ሜዳ የወረደ ተማሪ መረሬ ጫማውን ይዞ ሲያስቀርበት አይቶ ይሆናል። ይኸው አፈር በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ወላጁ የሆነውን ድንጋይ በአገራችን ከፋፍለው ከጻፉት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ ዊልያም ቶማስ ብላንፎርድ ነው።

ብላንፎርድ በ1832 በሎንዶን ተወለደ፤ ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በዚያው ከተማ የማዕድን ትምህርት ተምሮ በ1855 በሕንድ የሥነ ምድር መሥሪያ ቤት ተቀጠረ። የምዕራብ ሕንድን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየዞረ መረመረ። በዚያም አገር ድንጋዩን ጥጥ የሚበቅልበት ጥቁር አፈር ለብሶት ይገኛል።

የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ሲዘምት ብላንፎርድ አብሮ ተላከ። ዘማቹ ለጦርነት ሲገሠግሥ እርሱ ድንጋይና እንስሳ ይመረምር ነበር። በሚያዝያ 1868፥ በእኛ 1860 ዓ.ም.፥ መቅደላ ወደቀች፤ ንጉሡም እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ይልቅ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ብላንፎርድ በ1870 ባሳተመው መጽሐፍ የእሳተ ገሞራ ድንጋያችንን የታችኛውን አሸንጌ፥ የላይኛውን መቅደላ አለው። ንጉሡ የወደቁበት አምባ በዚህ መንገድ ከሥነ ምድር መዝገብ ገባ። በ1905 በሎንዶን ሞተ።

ከእርሱ ወዲህ ብዙ ታውቋል። ከዚህ ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት ሲሆን የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ካልሲየም፥ ማግኒዚየምና ብረት ይበዛዋል። ዝናብ ሲያፈርሰው፥ በተዳፋት ላይ ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን አጥቦ ይወስድና ቀይ አፈር ይቀራል። ውሃ በሚተኛበት ሜዳ ግን እነዚሁ ተጠራቅመው ስሜክታይት የተባለው ሸክላ ይፈጠራል፤ ሲርስ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እንግዲህ ቀዩና ጥቁሩ የአንድ ድንጋይ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ ማለት ነው። ጥቁረቱም ብስባሽ ስለበዛበት አይደለም፤ ያለው ጥቂቱ ከሸክላው ጋር አጥብቆ ስለተያያዘ ነው።

በ1960 የአሜሪካ ሊቃውንት ባወጡት አመዳደብ ይህ አፈር ቨርቲሶል ተባለ፤ ስሙ መገላበጥ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው። መለያው ከመቶ 30 እጅ ወይም ከዚያ በላይ ሸክላ መሆኑ፥ በየወቅቱ የሚከፈትና የሚዘጋው ስንጥቅ፥ ከሥርም እንደተወለወለ የሚያብለጨልጨው ገጹ ነው።

የእኛ ገበሬ ግን መረሬ፥ ዋልካ ብሎ ከቀዩ ይለየዋል፤ ውሃው እስኪጠነፍፍ ጠብቆም በክረምቱ መውጫ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። ይህም አመዳደብ ነው።

ብላንፎርድ ከጠላት ጦር ጋር ስለመጣ የጻፈው ሐሰት አይሆንም። ሆኖም መሬታችንን የሚያውቅልን ሰው ሌላ ዘመቻ እስኪያመጣው አንጠብቅ። ከገበሬው ቃል ተነሥቶ እስከ ድንጋዩ መድረስ የእኛ የተማሪዎቹ ዕዳ ነው።