ብርሃን እንደሚገፋ ያሳየው ሰው

ብርሃን እንደሚያበራና እንደሚያሞቅ ሁላችንም እናውቃለን። ይገፋል ሲሉን ግን ቶሎ አናምንም፤ ፀሐይ ላይ ቆመን ማንም ገፍቶን አያውቅማ! ይህን በሙከራ ያረጋገጠው ሩሲያዊው የፊዚክስ ሊቅ ፒዮትር ሌቤዴቭ ነው።

ሌቤዴቭ እ.ኤ.አ. በ1866 ሞስኮ ውስጥ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። የጀመረውን የምህንድስና ትምህርት ሳይጨርስ ወደ ስትራስቡርግ ሄዶ ፊዚክስ ተማረ፤ በ1891 ዶክትሬቱን ይዞ ተመለሰና በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ጀመረ።

ብርሃን ግፊት እንዳለው ስኮትላንዳዊው ማክስዌል ቀደም ብሎ በቀመር አስልቶ ነበር። ችግሩ መለካቱ ላይ ነው። ሌቤዴቭ አየሩ በተመጠጠ የብርጭቆ ሉል ውስጥ ትንንሽ የብረት ቅጠሎችን በቀጭን ክር አንጠልጥሎ ኃይለኛ መብራት አበራባቸው። ይሁን እንጂ ሉሉ ውስጥ የምትቀረው ጥቂት አየር ስትሞቅ እሷም ቅጠሎቹን ትገፋለች፤ የብርሃኑን ግፊት ከእሷ መለየት ነው ከባዱ። ከእሱ በፊት የሞከሩት የተሸነፉት እዚህ ላይ ነበር። እሱ ግን ቅጠሎቹ ከፊትም ከኋላም እኩል እንዲሞቁ በጣም አሳሳቸው፤ ብርሃኑንም አንዴ ከፊት አንዴ ከኋላ አፈራረቀ። የሚያብረቀርቀው ቅጠል ከጠቆረው ወደ እጥፍ በሚጠጋ ኃይል ተገፋ። ቀመሩም የሚለው ይህንኑ ነበር። ውጤቱን በ1900 ፓሪስ ላይ ለተሰበሰቡ ሊቃውንት አቀረበ።

ቀጥሎ ብርሃን የጋዝ ሞለኪዩሎችንም ይገፋ እንደሆነ ጠየቀ። ይህ ግፊት እጅግ ያነሰ በመሆኑ ዓመታት ፈጀበት፤ በ1910 ግን ውጤቱን አሳተመ።

በ1911 መንግሥት በዩኒቨርሲቲው ጣልቃ ገብቶ ፖሊስ ግቢውን ሲያስጨንቅ ከመቶ በላይ መምህራን ሥራቸውን ለቀቁ። ሌቤዴቭ ልብ ሕመምተኛ ነበር፤ ያለችው ሀብትም ያቋቋማት ላቦራቶሪ ናት። እሱም ለቀቀ። ላቦራቶሪውንም መኖሪያ ቤቱንም አጣ። ደግ አደረገ ወይስ ሥራውን ጎዳ በሚለው እኛ እስካሁን አልተስማማንም። ከስቶክሆልም የሥራ ጥሪ ቢመጣለትም አልሄደም፤ ከተማሪዎቹ ጋር አንድ ምድር ቤት ውስጥ ምርምሩን ቀጠለ። በመጋቢት 1912 በ46 ዓመቱ ሞተ።

በ1934 ሞስኮ ውስጥ የተቋቋመው የፊዚክስ ተቋም በስሙ ተጠራ። ለሌዘር መሠረት የጣሉት ባሶቭና ፕሮሖሮቭ የሠሩት በዚሁ ተቋም ነው፤ በ1964 ኖቤል ተሸለሙ። በ2010 ደግሞ በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የስትሮንቲየም ፍሎራይድ ሞለኪዩሎችን በሌዘር ግፊት አቀዘቀዙ። ሞለኪዩሉ ወደ ብርሃኑ ሲመጣ ብርሃኑ መልሶ ይገፋዋል፣ ይዘገያል፤ ለሞለኪዩል መዘግየት ማለት መቀዝቀዝ ነው። የዘገየውን ረጅም ጊዜ እያዩ በጥራት ሊለኩት ይችላሉ።