ኦኔሲሞስ ነሲብ፥ ጠቃሚው ሠራተኛ

ልጆች ሆይ፤ በገበያ ለዕቃ ሁሉ ዋጋ አለው። በቤሌ ገበያ ቅቤው፥ በቆሎው፥ ጥጡም በየዋጋው ይሸጣል። የሰው ዋጋ ግን በገበያ አይታወቅም። ኦኔሲሞስ ነሲብ በልጅነቱ እንደ ዕቃ የተሸጠ፥ ኋላ ግን በሥራው ለብዙ ሕዝብ የጠቀመ ሰው ነው። ወደ ሥራ የሚገባ ልጅ ሁሉ የእርሱን ታሪክ ቢያውቅ ይረባዋል።

ይህ ሰው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1856 ገደማ በኢሉባቦር አገር በሁሩሙ አቅራቢያ ተወለደ። የልጅነት ስሙ ሂካ ነበረ፤ ትርጓሜውም በኦሮምኛ ፈቺ ወይም ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱ ነሲብ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ፤ እናቱም ብቻዋን ታሳድገው ነበር። በ1869 ግን ሰው የሚሸጡ ነጋዴዎች ከእናቱ ነጥቀው ወሰዱት። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ እየተላለፈ ከአገሩ ርቆ እስከ ቀይ ባሕር ዳር ደረሰ።

በዚያ ዘመን ብዙ ልጆች እንዲሁ ከእናት ከአባታቸው ተለይተዋል። በወላይታም በ1894 ከተደረገው ጦርነት በኋላ ብዙ ሰዎች ተማርከው ተወስደዋል። ስለዚህ የሂካ መከራ ለወላይታ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም።

በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ የስዊስ አገር ሰው በምጽዋ ሂካን ነፃ አወጣው። ከዚያም በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ ለነበሩት የስዊድን ሚስዮናውያን ሰጣቸው። ልጁም በትምህርት ቤታቸው ማንበብና መጻፍ ተማረ። በ1872 ተጠመቀና ኦኔሲሞስ ተባለ። ኦኔሲሞስ የግሪክ ቃል ነው፤ ጠቃሚ ማለት ነው። ነጋዴዎች ዋጋ የቈረጡበት ልጅ አሁን ጠቃሚ ተባለ። ነገር ግን ስም ብቻውን ሥራ አይሠራም፤ ስሙን እውነት የሚያደርገው ሰውዬው ራሱ ነው።

ኦኔሲሞስም በትምህርቱ ትጉህ ስለ ነበረ በ1876 ወደ ስዊድን አገር ተላከ። በስቶክሆልም ከተማ አጠገብ ባለው ዮሐንስሉንድ በሚባለው ትምህርት ቤት አምስት ዓመት ተማረ። በ1881 ወደ እምኩሉ ተመልሶ ምሕረት ኃይሉ የምትባል ሴት አገባ። አሁን ትምህርቱ ተፈጽሟል፤ ሥራው ይጀመራል። አሳቡም አንድ ነበረ፤ ወደ ተወለደበት አገር ሄዶ ወገኖቹን ማስተማር።

ሳይዘገይ ከባልንጀሮቹ ጋር ተነሣ። በሱዳን በኩል አልፎ በዓባይ ወንዝ ሽቅብ እስከ ፋማካ ደረሰ። ወደ አገሩ የሚያስገባው መንገድ ግን ተዘጋበት። ንዳድም መንገደኞቹን ያዛቸው፤ አብረውት ከሄዱት ስዊድናውያን አንዱ በዚያ ጉዞ ሞተ። ኦኔሲሞስ በ1882 ወደ ካርቱም ተመለሰ፤ ከዚያም ወደ እምኩሉ ገባ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ በሸዋ በኩል ሞከረ። በ1886 እንጦጦ ደረሰ፤ ነገር ግን ወደ ፊት የሚሄድበት ፈቃድ አላገኘም። ሁለት ጊዜ ወጣ፤ ሁለት ጊዜም ባዶ እጁን ተመለሰ።

ልጆች ሆይ፤ ይህን አስተውሉ። ብዙ ዓመት ተምሮ ለሥራ የተዘጋጀ ሰው ሥራው ሲከለከል ልቡ እንዴት አያዝን! እንዲህ ያለ ሰው የማልረባ ነኝ ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ይችላል። ኦኔሲሞስ ግን ሩቁ ሥራ ቢከለከል ቅርቡን ሥራ ያዘ። ወደ ወገኖቹ መሄድ ባይችል መጻሕፍት ይሄዱለት ዘንድ በኦሮምኛ ይጽፍና ይተረጕም ጀመር።

በዚህም ሥራ ሌላ ችግር አገኘው። ከአገሩ የወጣው በልጅነቱ ነበረና የአባቶቹን ቋንቋ ጥልቅ ቃል ሁሉ አያውቅም። በዚያን ጊዜ አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት በእምኩሉ ትምህርት ቤት ነበረች። እርስዋም ተሸጣ በባሕር ስትወሰድ በ1886 ነፃ የወጣች ናት። አስቴር የኦሮምኛን ቃል፥ ተረትና ዘፈን በብዙ ታውቅ ነበር፤ ወደ 15,000 የሚሆኑ ቃላትንም ሰበሰበች። ኦኔሲሞስ በአውሮፓ የተማረ መምህር ሲሆን ከእርስዋ መማርን አላፈረም። አስቴርም የምታውቀውን አልሸሸገችም። ሥራው የተቃናው በሁለቱ ነው።

በ1893 አዲስ ኪዳን በኦሮምኛ በእምኩሉ ታተመ። በ1894 ልጆች ማንበብ የሚለማመዱበት መጽሐፍ ወጣ፤ በውስጡም ተረትና ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን ነበረ። በ1899 መላው መጽሐፍ ቅዱስ በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታተመ፤ ፊደሉም የግዕዝ ፊደል ነው። ሂካ ተብሎ የተወለደው ልጅ በእውነት ተርጓሚ ሆነ።

በ1904 ኦኔሲሞስ ወደ ወለጋ ደረሰ። ከአገሩ ከተወሰደ 35 ዓመት፥ የመጀመሪያውን መንገድ ከጀመረ 23 ዓመት ሆኖት ነበር። የነቀምቴው ገዢ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በክብር ተቀበሉት። መጻሕፍቱም ከእርሱ ጋር ደረሱ። በመንገዱ መዘጋት የጠፉ የመሰሉት ዓመታት እነዚህን መጻሕፍት አፍርተው ነበርና ከንቱ አልነበሩም።

ነገር ግን ክብር ብቻ አልገጠመውም። በ1906 ተከሰሰና ከአገር እንዲወጣ ተፈረደበት። ዳግማዊ ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው በነቀምቴ እንዲቀመጥ ፈቀዱለት፤ እንዳይሰብክ ግን ከለከሉት። እርሱም ማስተማሩን አልተወም። በ1916 ልጅ ኢያሱ የመስበክን ፈቃድ ሰጡት። ከዚያም እስከ ዕለተ ሞቱ ሠርቶ ሰኔ 14 ቀን 1923 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1931፥ በነቀምቴ ዐረፈ።

ልጆች ሆይ፤ እናንተም አንድ ቀን ወደ ሥራ ትገባላችሁ። አንዱ ጸሐፊ፥ አንዱ መምህር፥ አንዱ ነጋዴ፥ አንዱ ገበሬ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን የሚሰጣችሁ ሥራ ያሰባችሁት ላይሆን ይችላል። ደብዳቤ ማድረስ ወይም ቤት መጥረግ ቢሆንም ደኅና አድርጋችሁ ሥሩት። የሚያመሰግን ሰው ባይገኝ፥ የማልረባ ነኝ አትበሉ። ኦኔሲሞስን ነጋዴ ሲሸጠው፥ መንገድ ሲዘጋበት፥ ዳኛ ሲፈርድበት ያው ሰው ነበረ፤ ዋጋው አልቀነሰም።

ሠራተኛ ግን ምስጋና መውደዱ ኃጢአት አይደለም፤ ያልተመሰገነ ልብ ይደክማልና። ስለዚህ በእናንተ ሥር የሚሠራ ሰው በኖራችሁ ጊዜ ድካሙን ዕወቁለት፥ በስሙም ጥሩት። ሰው የኦኔሲሞስን መጻሕፍት ሲያነሣ አስቴር ጋኖን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ እናንተ ግን አትርሱ። በሥራው የከበረ ሰው የረዳውን ሲያከብር ክብሩ ሙሉ ይሆናል።