ሄዲ ላማር፦ የሞገድ አፈናን ለመከላከል የደከመችው ተዋናይት

በርና መስኮት ላይ የሚገጠሙ ሽቦ አልባ የቤት ጥበቃ ማንቂያዎች ሌባ በሬዲዮ ሞገድ እንዳያፍናቸው ከሚያግዙ ዘዴዎች አንዱ ፍሪኩዌንሲን በፍጥነት መቀያየር ነው። ይህን ዘዴ ለጦር መሣሪያ በማሰብ የባለቤትነት መብት ካስመዘገቡት መካከል የሆሊውድ ተዋናይት ሄዲ ላማር ትገኝበታለች።

እ.ኤ.አ. በ1914 ቪየና ውስጥ የተወለደችው ሄዲ በ1933 ፍሪትስ ማንድል የተባለ የኦስትሪያ የጦር መሣሪያ አምራች አገባች። በባለቤቷ ቤት ስለ ጦር መሣሪያ የሚደረጉ ውይይቶችን ታዳምጥ እንደነበር ይነገራል። በ1937 ትዳሩን ጥላ ሸሸች፤ በቀጣዩ ዓመት «አልጀርስ» በተሰኘው ፊልም ዝናን አተረፈች።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ በሬዲዮ የሚመራን ቶርፔዶ ጠላት ያንኑ ፍሪኩዌንሲ በማወክ ከመንገዱ ሊያስተው ይችል ነበር። ሄዲና የሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንቴይል ያቀረቡት መፍትሔ፣ ላኪውና ተቀባዩ ጠላት በማያውቀው ቅደም ተከተል እኩል ፍሪኩዌንሲ እንዲቀያይሩ ማድረግ ነው። ለዚህም በራሱ በሚጫወት ፒያኖ ላይ እንደሚገኘው ያለ የተበሳሳ የወረቀት ጥቅል መረጡ። የፍሪኩዌንሲዎቹም ብዛት እንደ ፒያኖ ቁልፎች 88 ነበር።

ተመሳሳይ ሐሳብ ያቀረቡ ሌሎች ከእነርሱ በፊት ነበሩ። ያም ሆኖ ነሐሴ 11 ቀን 1942 (እ.ኤ.አ.) በቁጥር 2,292,387 የባለቤትነት መብቱን አገኙ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ግን በጦርነቱ አልተጠቀመበትም። ሄዲም በዝናዋ የጦርነት ቦንድ ስትሸጥ ቆየች። መብቱ በ1959 ሲያበቃ ከፈጠራው ያገኘችው ገንዘብ አልነበረም።

በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚሠራ የቤት ማንቂያ ዛሬም በቀላሉ ይታፈናል። ፍሪኩዌንሲ የሚቀያይረውን ለማፈን ግን ብዙ ፍሪኩዌንሲዎችን በአንድ ጊዜ መሸፈን ስለሚያስፈልግ የአፋኙ ድካም ይበዛል። ኃይለኛ አፋኝ ይህንንም ሊያሸንፍ ስለሚችል፣ የተሻሉት ማንቂያዎች በየጊዜው ከጠቋሚዎቻቸው መልእክት ይጠብቃሉ፤ መልእክቱ ሲቋረጥ ዝምታውን ራሱን እንደ አደጋ ቆጥረው ያስጠነቅቃሉ።

ሄዲ በ1997 ከኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሽልማት ያገኘችው በ82 ዓመቷ ነው። ጥር 19 ቀን 2000 (እ.ኤ.አ.) ፍሎሪዳ ውስጥ አረፈች። በ2014 ከአንቴይል ጋር ስሟ በአሜሪካ ብሔራዊ የፈጠራ ባለሙያዎች የክብር መዝገብ ሰፍሯል።